ቀንድ፣ አንደኛ ዙር

የኔታ ወልደ ሥላሴ በዚያ ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው ቀና ሲሉ፣ አማቻቸው ካሴና ልጃቸው ይታይሽ በጓዳው በር ላይ ተጠጋግተው ሲያንሾካሹኩ አገኟቸው። ሁለቱም ዞረው አዩዋቸውና ዝም አሉ። ዝምታው ጨዋታውን የጨረሰ ሰው ዝምታ አልነበረም። ይታይሽ ሳይወርድ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ካሴ ሳያስለው ጎሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ፈገግ አሉ። የኔታን ያስደነገጣቸው ፈገግታው ነው። ካሴ የቀበሌ ጸሐፊ ከሆነ ወዲህ በጠዋት ፈገግ ሲል አይተውት አያውቁም። በዚያ ላይ ከሹክሹክታው መካከል ሁለት ሦስት ቃል ሾልኮ ቀኝ ጆሯቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። «ቀንደኛው እሳቸው ናቸው» ያለ መሰላቸው።

የቀኝ ጆሯቸው ነገር እንዲህ ነው፤ አልፎ አልፎ ከዚህም ከዚያም ቃል ይለቅማል። ግራው ግን ጭራሽ ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ይህን ለማንም አላመኑም። ሲቆጡ «ጆሮዬስ ደኅና ነው፤ መናገር የተወው ሰዉ ነው» ይላሉ፤ ነገሩም ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ከየቤቱ ሰው ከተወሰደ ወዲህ ወረታ የምታወራው በሹክሹክታ ነው። ባል ለሚስቱ፣ ነጋዴ ለደንበኛው፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። አሁን ሰባ ሁለት ገብቶም ያ ልማድ አልለቀቀም። የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ የደከመው ጆሮው ይሁን የከተማው አፍ እንዴት አድርጎ ይለየው? በቤተ ክርስቲያን መቼም ችግር አልነበረባቸውም። ማኅሌት ሲቆሙ ከበሮውን በውስጥ እግራቸው ያዳምጡታል፣ ጸናጽሉን በዓይናቸው ይከተሉታል፣ ዜማው ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው ያለ ነው። ማንም አላወቀብኝም ብለው ያምኑ ነበር። ጆሮው የሄደ መሪጌታ ሥፍራውን ለሌላ ለቆ በረንዳ ላይ ፀሐይ ከመሞቅ በቀር ምን ይቀረዋል? ስለዚህ ይህን አያስቡትም።

ይታይሽ ቀረብ ብላ በጆሯቸው ጮኸች። «አባቴ፣ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ቀበሌ ይፈለጋሉ።»

«እኔ? ለምን?»

«ለደኅና ነው። እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ።»

«ለደኅና ከሆነ አንቺ ምን ልታደርጊ ትከተይኛለሽ?»

መልሱን ጀርባዋን ሰጥታ እሳቱን እየቆሰቆሰች ተናገረችው፤ ወይም አልተናገረችውም። የኔታ አላወቁም። የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የጎረቤታቸውን ልጅ ሊወስዱት የመጡት ሰዎችም «ለደኅና ነው፣ ለጥቂት ደቂቃ ነው» ብለው ነበር። እናቱ ያን ጥቂት ደቂቃ እስከ ዛሬ ትጠብቃለች።

ካሴ ጢሙን ሊላጭ መስተዋቱን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። ኮቱ ግድግዳው ላይ በተመታው ችንካር ተሰቅሎ ቀረ። የኔታ የሰው ኪስ የሚበረብሩ ሰው አልነበሩም፤ ይህ መመስከር ያለበት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከደረት ኪሱ የአንድ ወረቀት ጫፍ ብቅ ብሎ ነበርና ሳቡት። የካሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ያን ቀጥ ያለ የ«ቀ» እግር በአርጩሜ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በወረቀቱ ግርጌ የቀበሌው ክብ ማኅተም በሐምራዊ ቀለም ተመቷል። ከላይ «ቀንድ፣ አንደኛ ዙር» ይላል። ከዚያ በታች የአሥራ አራት ሰው ስም ተደርድሯል፤ አንደኛው መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ነው።

መደቡ ላይ ተቀመጡ። ቀንድ ማለት ምን ማለት ነው? መጀመሪያ የቀንድ ከብት ቆጠራ መሰላቸው፤ ነገር ግን እሳቸው ከብት የላቸውም፣ ኖሯቸውም አያውቅ። ታዲያ ከብት የሌለው ሰው በቀንድ መዝገብ አንደኛ የሚሆነው እንዴት ነው? የቀረው «ቀንደኛ» ነው። ያን ጊዜ በየስብሰባው «ቀንደኛ አድኃሪ» እየተባለ ነበር ሰው የሚለቀመው፤ ካሴ ደግሞ ወረቀት እንዳይፈጅ ቃል ማሳጠር ይወዳል። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ሁለተኛዋ ወይዘሮ አማከለች ናቸው፤ ድሃ አሮጊት ናቸው፣ ግን ሟቹ ባላቸው በንጉሡ ጊዜ ጭቃ ሹም ነበሩ። ገባቸው። አምስተኛው ሰው የአጥቢያ ዳኛ የነበረ ነው። ይህም ገባቸው። ዘጠነኛው በሕይወቱ ሸማ ከመሥራት በቀር ምንም ያላደረገ ሸማኔ ነው፤ ለእሱ ምክንያት ፈልገው አጡና የደበቀው ነገር ቢኖር ነው አሉ። ሁሉም ሽማግሌ፣ ሁሉም የድሮ ሰው። «አንደኛ ዙር» የምትለዋ ቃል ደግሞ ከሁሉ የባሰች ነበረች፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ዙር አለ ማለት ነው። ወረቀቱን እንደነበረ አጥፈው ኪሱ ውስጥ መለሱት።

የከነከናቸው ሞቱ ብቻ አልነበረም። የከነከናቸው፣ እሳቸው በዚህ ቤት ሁለት ወር ሙሉ ምን ሲሠሩ እንደከረሙ እነዚህ ልጆች አለማወቃቸው ነው። ጆሮ የሌለው ሰው ዓይኑ ይበረታል። ከመስከረም ጀምሮ ይታይሽ ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚያጠግብ ምግብ አትርፋ እንደምታቀርብ አይተዋል። ጓዳው ውስጥ ካለው ትልቁ ጎታ ኋላ አጎዛ እንደተነጠፈ አይተዋል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጎታው አጠገብ የወንድ እግር፣ ጣቱ የቆሰለ፣ ብቅ ብሎ ሲገባ አይተዋል። እግሩን ያውቁታል፤ የካሴ ታናሽ ወንድም አያልነህ ነው። ከሚሊሺያ ማሠልጠኛ ጠፍቶ የመጣ ልጅ ነው፤ ከተገኘ እሱም ይጠፋል፣ ያስጠጋውም ቤት ይጠፋል። የኔታ ይህን ሁሉ እያወቁ አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም። ጓዳ መግባት ሲያምራቸው እንኳ መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ እየደቁ፣ ልጁ እግሩን የሚሰበስብበት ጊዜ እየሰጡ ነው የሚገቡት። ቅር ያላቸው ግን ማንም ምሥጢሩን አለማካፈሉ ነበር። የገዛ ልጃቸው አላመነቻቸውም። አሁን ደግሞ ነገሩ ግልጽ ሆነላቸው፤ ካሴ ሽማግሌው አውቆብኛል ብሎ ፈርቷል፣ ከመናገራቸው በፊት ሊያስወግዳቸው ነው። ወንድሙን ለማዳን አማቱን ይሰጣል። ይታይሽስ? ይታይሽ ፈገግ ብላለች።

ንጹሕ እጀ ጠባባቸውን ለበሱ፣ በላዩ ላይ ሁለት ጋቢ ደረቡ፤ የእስር ቤት ወለል እንደሚቀዘቅዝ ሰምተዋል፣ ያን ጊዜ ሲሰሙ። ዳዊታቸውን በማኅደሩ አንግተው፣ የሽምብራ ቆሎ በኪሳቸው ሞሉ። ይታይሽ ይህን ሁሉ ዝግጅት አይታ ግራ ገባት። ኅዳር ነው፣ ጭቃው ደርቆ አቧራ መሆን ጀምሯል፣ ሜዳው ወደ ሐይቁ እስኪደርስ በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል። የገበያ ቀን ስለነበር ከይፋግ በኩል የመጡ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በሚገናኙበት ቦታ ላይ የጭነት መኪናዎች ተኮልኩለዋል፤ አንዱ ከኋላቸው ጥሩምባውን እየነፋ ሲመጣ የኔታ አልሰሙትም፣ ይታይሽ ክንዳቸውን ይዛ ጎተተቻቸው። መሬቱ ከእግራቸው ሥር ሲንቀጠቀጥ ነው መኪና መሆኑን ያወቁት። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሰደባቸው፤ ስድቡን ከአፉ አነበቡት፣ ደግሞም ትክክል አነበቡት። አንዲት ቅቤ ሻጭ ቅሏን ከፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ዋጋውን ጠየቋት። ሊገዙ አይደለም፤ የመጨረሻ ገበያዬ ከሆነ ብለው ነው። ሦስት ጣት አሳየቻቸው። ሦስት ብር ለአንዲት ቅል ቅቤ። ሊሞቱ እየሄዱ እንኳ ተናደዱ።

«እንዳይረፍድብን» አለች ይታይሽ በምልክት።

«ለምን እቸኩላለሁ? የሚጠብቁኝ ሰዎች ትዕግሥት ያላቸው ናቸው» አሉ የኔታ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ እሳቸው ግን ለልጃቸው ብቻ የተናገሩ መስሏቸው ነበር።

የቀበሌው አዳራሽ የድሮ የእህል መጋዘን ነው፤ ቆርቆሮው ጠዋት ይንጣጣል። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የሦስት ጢማም ፈረንጆች ሥዕል ተሰቅሏል፤ የኔታ ሁልጊዜ ሲያዩአቸው ጢማቸውን ያደንቃሉ እንጂ ሌላውን ነገራቸውን አይወዱትም። ከሥዕሉ ሥር ካሴ ጠረጴዛ ይዞ መዝገብ ዘርግቷል። ሊቀመንበሩ ለስብሰባ ደብረ ታቦር ሄዷል ተብሏል። በሩ ላይ አብዮት ጠባቂው ያየህ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ቆሟል። አጃቢ ሁሉ ውጭ እንዲቆይ ታዘዘ፤ ይታይሽ ብቻ ውሃ የማሞቅ ሥራ አላትና ገባች። ውሃ ለምን? የኔታ ይህንንም ያዙት። በአግዳሚው ላይ ዓይናቸውን አሻገሩ፤ የዝርዝሩ ሰዎች በሙሉ ተቀምጠዋል። ዳኛው አለ፣ ሸማኔው አለ፣ ወይዘሮ አማከለች አሉ። ማንም ከማንም ጋር አያወራም፤ እያንዳንዱ ፊት ለፊቱን ያያል። የሚሆነውን አውቀውታል ማለት ነው፣ አሉ በልባቸው።

በአዳራሹ ማዕዘን ነጭ አንሶላ ተጋርዷል። ከበስተኋላው አንዲት ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት ወጥታ በእጇ ጠራች፤ ከጤና ጣቢያ የመጣችው ድሬሰር ደብረወርቅ ናት። ካሴ ተነሥቶ ወደ የኔታ ጠቆመ። የኔታ ግን ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው «ሴት ወይዘሮ ይቅደሙ» አሉ። ይህ ጨዋነት ነው ወይስ ፍርሃት፣ እሳቸውም ለይተው አላወቁትም። ወይዘሮ አማከለች በከዘራቸው ተደግፈው ሄዱ፤ ሲያልፉ ያየህ ከበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ተከተላቸው፣ እናቱ ናቸውና። የገዛ እናቱን እየጠበቀ ነው፣ አሉ የኔታ፤ ይህ ዘመን ምን ያለ ዘመን ነው? በአንሶላውና በግድግዳው መካከል ባለው ቀዳዳ ጥቂት ይታያል። አማከለች በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሴትዮዋ ከኋላቸው ቆመችና አንድ ነገር አለች። አማከለች ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና አለች፤ እንደገና ነቀነቁ። ምርመራ ነው። ከኋላ ሆኖ፣ ፊትን ሳያሳዩ የሚደረግ ምርመራ። ከዚያ ሴትዮዋ በጣም ትልቅ የመርፌ ቀፎ አነሣችና ቀዳዳው በአንሶላው ተሸፈነ። ይታይሽ የሞቀ ውሃ ይዛ ገባች፤ ጥቁር ነገር የተንሳፈፈበት ሳህን ይዛ ወጣች። አማከለች ግን አልወጡም። ሁለተኛው ሰው ተጠራ፣ ሦስተኛው ተጠራ። ማንም በመጣበት በኩል አልተመለሰም።

ያን ጊዜ የኔታ የሆዳቸውን መያዝ አልቻሉም። ይታይሽ ሳህኗን አኑራ አጠገባቸው ስትቀመጥ ክንዷን ያዙ፣ ጎንበስ አሉና አፋቸውን በእጃቸው ከልለው፣ በሹክሹክታ፣ እሳቸው ሹክሹክታ ነው ባሉት ድምፅ፣ የልባቸውን ነገሯት።

«ባልሽ እንደሰጠኝ አውቄያለሁ። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። እኔ አያልነህን ከጎታው ኋላ ደብቃችሁ ስታበሉት ሁለት ወር ሙሉ እያየሁ አፌን ዘግቼ ከርሜያለሁ። ከሚሊሺያ የጠፋ ልጅ እያስጠጋ እኔን ቀንደኛ ብሎ ይጽፈኛል? ይህን ለእግዚአብሔር ነው የምነግረው።»

ሲጨርሱ ቀና አሉ። መጀመሪያ ያዩት የካሴን ብዕር ነው፤ መዝገቡ ላይ ቆማ ቀለሟ እየሰፋ ነበር። የካሴ ፊት አመድ ለብሷል። አንሶላው ተገልጦ የደብረወርቅ ራስ ብቅ ብሏል። ያየህ ከበሩ ላይ ወደ ውስጥ ዞሯል። ይታይሽ እጇን በአባቷ አፍ ላይ አድርጋለች። የቀሩት ሽማግሌዎች ግን ምንም አልመሰላቸውም። ዳኛው ዝንብ ያባርራል፣ ሸማኔው ያዛጋል። በአዳራሹ ካለው ሰው አራቱ ብቻ ዞረው ሌላው አለመዞሩ ለየኔታ እንቆቅልሽ ሆነባቸው። ያየህ ጥቂት ቆመ፤ ከየኔታ ወደ ካሴ፣ ከካሴ ወደ ይታይሽ አየ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

ደብረወርቅና ይታይሽ የኔታን ደግፈው ሳይሆን ጎትተው ከአንሶላው ኋላ አስገቧቸው። ደም አልነበረም፣ ገመድም አልነበረም። አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት፣ አንድ ጆግ ውሃ፣ ያ የመርፌ ቀፎ መርፌው ወልቆለት፣ ጥጥ። ከበስተኋላው ወደ ጓሮ የሚያስወጣ በር አለ፤ አማከለችና ሌሎቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። አጠገባቸው አንድ ዋንጫ ሠሪ ከፊቱ የቀንድ ክምር አድርጎ በመጋዝ ይቆርጣል። የፎገራ ከብት ቀንድ አጭር ነው፣ ለዋንጫ እምብዛም አይሆንም። ለዚህ ለአሁኑ ሥራ ግን ልክ ነው፤ ጫፉ ተቀድዶ፣ ተፍቆ፣ በሰም ተለስልሶ ደንበኛ መለከት ይወጣዋል፤ ከመለከት የሚለየው ቀጭኑ ጫፍ ወደ ጆሮ መግባቱ ነው። ደብረወርቅ ከመካከሉ አንዱን አንሥታ ቀጭኑን በየኔታ ቀኝ ጆሮ አስጠጋች፣ ሰፊውን ወደ ይታይሽ አዞረችና «ንገሪያቸው፤ አትጩኺ» አለቻት።

ይታይሽ አፏን ወደ ቀንዱ አስጠጋች። ከሦስት ዓመት በኋላ የኔታ የልጃቸውን ያልተጮኸ ድምፅ ሰሙ። እንደ ድሮው አልነበረም፤ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ ግን የእሷው ነበር፣ ለቅሶ ሲይዛት የምትሰበረው ድምፅ።

«አባቴ፣ ጮኸው ነው የተናገሩት» አለች።

የኔታ ቀንዱን ከጆሯቸው አንሥተው አዩት። ነገሩ ቀስ እያለ ነበር የገባቸው። ቀንድ ቀንድ ነው። ካሴ በጠዋት ለሚስቱ «ቀንዱ የሳቸው ነው» ነበር ያለው፤ የመጀመሪያው ተሠርቶ ያለቀው የእሳቸው እንዲሆን ደብረወርቅን ለምኖ አንደኛ ጽፏቸዋል። ያልነገሯቸው፣ ጆሮዎ ደክሟል ቢሏቸው ቀበሌ ድረስ አይደለም እስከ ደጅ እንደማይወጡ ስለሚያውቁ ነው። ስለ አያልነህም ያልነገሯቸው ስላላመኗቸው አልነበረም። ሹክ ማለት ስለማይችሉ ነው። ከሦስት ዓመት ጀምሮ የሚናገሩት ነገር ሁሉ ሦስተኛ ቤት ድረስ ይሰማል፤ ይህን ለአንድ መሪጌታ ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ደብረወርቅም ለሥራዋ የተነሣችበት ነበራት። ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ የነገረችውን ሳይሰሙ እሺ እሺ ብለው ሄደው፣ ለእግራቸው የሰጠቻቸውን የሚቀባ መድኃኒት ጠጥተውት ለጥቂት ተርፈዋል። ለጆሮ የሚሆን መሣሪያ ስትጠይቅ አዲስ አበባ እንኳ የለም ተባለች። ስለዚህ የጆሮ ኩክ ማጠቢያ ዘይትና ሙቅ ውሃ፣ ደግሞም ዋንጫ ሠሪ ይዛ መጣች፤ ቀንዱ ሃምሳ ሳንቲም ነው፣ የሌለው በነጻ ይወስዳል። የኔታ ይህን ሁሉ የሰሙት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጠየቁትም፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ፈርተው፣ በከንፈራቸው ብቻ ነው።

«ማን ሰማ?»

ይታይሽ በጣቷ ቆጠረች። እሷ፣ ካሴ፣ ደብረወርቅ። በግቢው ያለውን ሰው፣ አጃቢውንም ጭምር፣ መጋዙ አደንቁሮታል። በአግዳሚው የተቀመጡት ምንም አልሰሙም፤ ቢሰሙማ አይመጡም ነበር። አራተኛውን ጣቷን አንሥታ ወደ በሩ አየች።

ያየህ ጓሮው ውስጥ ነበር። እናቱ ፊት ተንበርክኮ፣ የእናቱን ቀንድ በእጁ ይዞ፣ አፉን አስገብቶ ይናገራል። ረጅም ጊዜ ተናገረ። የኔታ የራሳቸውን ቀንድ በበሩ በኩል ወደዚያ ደገኑት፤ የመጋዝ ጩኸት እንጂ ሌላ አልያዘም። ከንፈሩን እንዳያዩ ቀንዱ ጋርዶታል። ምን እያላቸው ነው? የያየህ ታላቅ ወንድም ከዘመተ ወዲህ ወሬው እንደጠፋ ወረታ በሙሉ ያውቃል፤ አማከለች ግን አያውቁም ይባላል፣ የሚነግራቸው ሰው ጆሯቸው ላይ መጮኽ ነበረበትና፣ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ተጮኾ አይነገርም። አማከለች ድንገት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ያየህ እጃቸውን ይዞ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ጠመንጃውን አነሣና ወደ እነሱ መጣ። ጫማው ጠጠሩን ሲረግጥ የኔታ ሰሙት። ካሴ መዝገቡን ይዞ ከአንሶላው አጠገብ ቆሟል፤ ሊሮጥ ይችል ነበር፣ ግን ሚስቱን ጥሎ ወዴት ይሮጣል? የኔታ ካሴን አዩት። ይህን ልጅ ነው የጠረጠሩት፣ ይህን ልጅ ነው ያጠፉት። እኔን ውሰደኝ፣ ሽማግሌ ቃዥቶ ነው በል ሊሉ ፈለጉ፤ ያንንም ለማለት መጮኽ ሊሆንባቸው ነው።

ያየህ ከአንሶላው ኋላ ገባ። ማንንም አላየም። በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

«እኔንም መርምሪኝ» አለ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንህ?» አለች ደብረወርቅ።

«ጆሮዬን ነው። ከጠዋት ጀምሮ አይሰማኝም።»

ደብረወርቅ ካሴን አየችው፤ ካሴ መሬት መሬት ያያል። ዞራ ከያየህ ኋላ ቆመች፤ ለሁሉም እንደምታደርገው አንድ ክንድ ያህል ርቃ «ላም» ብላ አንሾካሾከች። ያየህ ዝም አለ። «ጨው» አለች። ዝም አለ። የኔታ ቀንዱን ወደ እሷ አዞሩ፤ ላምንም ጨውንም ሰምተዋል። የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ የሰማውን ሹክሹክታ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ አልሰማውም። ደብረወርቅ ጥቂት አመነታች። ከዚያ ድምፅዋን ከፊተኛው ይልቅ ዝቅ አድርጋ፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ ጠየቀችው።

«ያየህ፣ ቅድም የተባለውን ሰምተሃል?»

ያየህ ፊት ለፊቱ ያለውን አንሶላ ያያል። እጁ የጠመንጃውን ሰደፍ ይደባብሳል። 

«እኅቴ» አለ ራሱን ሳያዞር፣ «መቼ ነው የምትጀምሪው?»

ደብረወርቅ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። «ካሴ፣ ጻፈው» አለች፤ «ሁለቱም ጆሮው አይሰማም።» ካሴ መዝገቡን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከዝርዝሩ ግርጌ አሥራ አምስተኛ ስም ጻፈ። ያየህ ተነሥቶ ከክምሩ አንድ ቀንድ መርጦ በጠመንጃው ማንገቻ ላይ አሰረና ወደ በሩ ተመለሰ። በየኔታ አጠገብ ሲያልፍ እንደ ማንኛውም ጊዜ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣቸው። የኔታ ሊመርቁት አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፃቸውን አሰቡና መልሰው ዘጉት።